ግሬድልን በአፕት፣ በራፐር ወይስ በራሳችን ዴብ?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ አንድ ሰው ላፕቶፑን አቅፎ ያንን ደረጃ ይወጣል። ትንፋሹ ሳይመለስ የሚጠይቀኝ ያው ነው፦ «ግሬድልን በምን ልጫነው?» ግሬድል የአንድሮይድና የጃቫ ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚገነባ መሣሪያ ነው። በአፌ መመለስ ሰለቸኝ፤ ጽፌው ልገላገል።

እኔ የማዳላው ራሴ ለጠቀለልኩት ዴብ ነው፤ ዴብ ማለት ኡቡንቱና ዴቢያን የሚባሉት ሊኑክሶች የመጫኛ ፋይል ነው። ምክንያቴም ብር ነው።

በአፕት፣ በኡቡንቱ የራሱ ፕሮግራም መጫኛ፣ መጫን ቀላሉ ነው፤ አንድ መስመር ጽፎ መቀመጥ። ግን በኡቡንቱ 22.04ም በ24.04ም የምታገኙት ግሬድል 4.4.1ን ነው። እሱ የወጣው በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ነው። ግሬድል ላይ የሚሰካው የአንድሮይድ ፕለጊን 8.0 ደግሞ ቢያንስ ግሬድል 8.0 እና ጄዲኬ 17 (የጃቫ መሥሪያውን) ካላገኘ ንቅንቅ አይልም። ኡቡንቱ ፓኬጁን የሚወስደው ከዴቢያን ነው፤ የዴቢያን ልጆችም ሰንፈው አይደለም። እነሱ ጋ ማንኛውም ፓኬጅ ከምንጭ ኮዱ፣ ኢንተርኔት ሳይነካ መገንባት አለበት። አዲሱ ግሬድል ኮትሊን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይፈልጋል፤ ኮትሊን ደግሞ የሚገነባው በግሬድል ነው። የዶሮና የእንቁላል ነገር ሆነባቸው። ለእኛ ግን ትርፉ ይህ ነው፦ አፕት አንድ መዓት የጃቫ ላይብረሪ አስከትሎ ይወርዳል፣ ፕሮጀክታችሁ አይነሳም፣ ዳታችሁም ተበላ።

ስናፕን፣ ሌላውን የኡቡንቱ ፕሮግራም መጫኛ፣ ባልፈው ደስ ይለኛል። ሳይጠይቅ በቀን አራት ጊዜ አዲስ ነገር አለ ወይ እያለ ይፈትሻል፣ ካገኘም ያወርዳል። በሞባይል ዳታ ለሚኖር ሰው ይህ ቤት ውስጥ ሌባ ማሳደር ነው።

ራፐር፣ ከፕሮጀክቱ ጋር የሚመጣው ትንሽ ፕሮግራም፣ ሐቀኛ ነው። ፕሮጀክቱ የሚፈልገውን ቨርዥን ራሱ ያመጣል፣ ስህተት የለውም። ችግሩ ዋጋው ነው። «ቢን» የሚባለው ዚፕ 130 ሜጋ ገደማ ነው። «ኦል» የሚባለው ሰነዱንና ምንጭ ኮዱን ስለሚጨምር ከዚያም ይበልጣል፤ ቅንብሩ ውስጥ «ኦል» ካያችሁ ወዲያው ወደ «ቢን» ቀይሩት። ሌላው ጉዱ፣ ማውረዱ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ 90 ከመቶ ላይ መብራት ሄደ፣ ራውተሩም አብሮ ጠፋ። ሲመለስ ከዜሮ። ሁለተኛው 60 ላይ ተቆረጠ። ሦስተኛው ተሳካ፣ ግን ለአንድ ፋይል 325 ሜጋ ከፍያለሁ። እኔ ጋ የሚማሩት ስድስት ልጆች እያንዳንዳቸው ቢያወርዱት ሳይቋረጥ እንኳ 780 ሜጋ ነው። ለአንድ ዓይነት ፋይል!

«ታዲያ በፍላሽ አንቀባበልም?» ትሉኛላችሁ። ሞክሬዋለሁ። መርካቶ 64 ጊጋ ተብሎ በ350 ብር ገዛሁ። ኦሪጅናሉ 900 ነበር፤ 550 ብር አተረፍኩ ብዬ እየሳቅሁ ታክሲ ያዝኩ። ላፕቶፑም 64 ብሎ አሳየኝ። እውነተኛ ቦታው ግን 8 እንኳ አይሞላም። ከዚያ በላይ የጻፋችሁበት ሁሉ ይተናል። ዚፑ መጠኑ ሙሉ ይመስላል፣ ስትፈቱት ተበላሽቷል ይላል። ልጆቹ ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን ጃቫ ላይ ሲፈልጉ ከረሙ። ኤፍ3 የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን ሞልቶ ጽፎ መልሶ ያነበዋል፣ ኮፒ ከሆነ ያጋልጠዋል። የግሬድል ገጽም ለእያንዳንዱ ዚፕ የሻ-256 ቁጥር፣ የፋይሉን አሻራ፣ ያወጣል። አስተያዩት፤ አንዲት ፊደል ከተለየች ፋይሉን ጣሉት።

አሁን ወደ እኔው ዴብ። ዚፑን አንዴ ደብልዩጌት በሚባል ማውረጃ አወርዳለሁ፤ በ«ሲ» ምልክቱ ካዘዛችሁት መብራት ቢሄድም ካቆመበት ይቀጥላል። ፈትቼ «ኦፕት» ፎልደር ውስጥ እንዲቀመጥ አዘጋጃለሁ። «ኮንትሮል» የሚባለውን አጭር ፋይል እጽፋለሁ፦ ስም፣ ቨርዥን፣ አርክቴክቸር፣ ጠባቂ፣ መግለጫ። አርክቴክቸሩ «ኦል» ነው፣ ለሁሉም ዓይነት ኮምፒውተር ማለት፤ ጃቫ ስለሆነ የትም ይሄዳል። ስሙን «ግሬድል» ብላችሁ ቨርዥኑን 8 ቤት ካደረጋችሁት፣ አፕት 4.4.1ን መልሶ አይጭንባችሁም። ከዚያ ዲፒኬጂ-ዴብ የሚባለው ትእዛዝ ይጠቀልለዋል።

ሁለት ነገር አቃጥሎኛል። ኮንትሮል ፋይሉ ከመጨረሻው መስመር በኋላ ኢንተር ካልተመታ አይጠቀለልም፤ አንድ ሰዓት በልቶብኛል። ሁለተኛው፣ አዲሱ ኡቡንቱ ዴብን የሚያምቀው ዚስታንዳርድ በሚባል መጭመቂያ ነው። ዴቢያን 11 የጫነ ልጅ ሊጭነው ሲል «የማላውቀው መጭመቂያ ነው» ብሎት ቀረ። ስትጠቅልሉ መጭመቂያውን ኤክስዜድ ብላችሁ እዘዙ፤ ሁሉም ጋ ይከፈታል።

ዴቡን በቤቱ ራውተር አጋራዋለሁ፤ ስድስቱም ያለ አንዲት ሜጋ ዳታ ይጭኑታል። ሲጭኑ ከፋይሉ ስም በፊት ነጥብና ስላሽ አይርሱ፣ አለዚያ አፕት ኢንተርኔት ላይ ይፈልገዋል። አንድሮይድ ስቱዲዮ ውስጥ ደግሞ ራፐሩን ትታችሁ ወደ ኦፕት ፎልደሩ ጠቁሙት። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ እንደገና መጠቅለል የእኔ ዕዳ ነው፤ ይህን አልክድም። የፕሮጀክቱ ላይብረሪዎችም ለመጀመሪያ ጊዜ ዳታ መብላታቸው አይቀርም።

ዴቡን የምትፈልጉ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ኑ። ፍላሽ ግን አታምጡ።