ተገልብጦ የተያዘ ጊታር፦ የኤልዛቤት ኮተን የመጀመሪያ አልበም

ልጄ ግራኝ ናት። ጊታር መማር እንደምትፈልግ በነገረችኝ ጊዜ ከምንኖርበት፣ ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ወደማይርቅ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ይዣት ሄድሁ፤ ሻጩም ለግራኝ የሚሆን ጊታር እምብዛም እንደሌላቸው ገልጾ በቀኝ እጇ መጫወት እንድትለምድ መከራት። አያቷ በማንኪያና በእርሳስ ጉዳይ ከሚሰጧት ምክር ጋር አንድ ሆኖባት ኩርፊያዋ እስከ ቤት ድረስ ዘለቀ። የአሜሪካዊቷን ጊታረኛና ዘፋኝ የኤልዛቤት ኮተንን አልበም ያዘዝሁት በዚያው ሳምንት ነው፤ ከልጄ በፊት የነበሩ አንዲት ግራኝ ችግሩን እንዴት እንደፈቱት ላሰማት ፈልጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልበሙን ከእሷ ይልቅ እኔ ደጋግሜ ሰማሁት።

መጀመሪያ ስለ ግዢው ላንሣ። ሲዲውን የገዛሁት ያገለገሉ ዕቃዎችን በኢንተርኔት ከሚሸጥ ሰው ሲሆን፣ ሲደርሰኝ መያዣው ከመካከሉ ተሰንጥቆ፣ ስለ ዘፈኖቹ የሚያስረዳው ትንሽ መጽሔትም ከውስጡ ጠፍቶ ነበር። ሻጩ «በጣም ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ» ብሎ የጻፈው ስለ ሲዲው ብቻ ከነበረ አልዋሸም፤ አንዲት ጭረት የለበትም። መጽሔቱን ከአሳታሚው ከስሚዝሶኒያን ፎክዌይስ ድረ ገጽ በነፃ አውርጄ አነበብሁት፤ ገዢ የሚሆን አንባቢም ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ብሎ እንደ እኔ ከመድከም በቀጥታ ከዚያው ቢገዛ ይሻለዋል። አልቆ ይሆናል የሚል ስጋት አይግባው፤ ሞዝስ አሽ በ1948 የመሠረተውን ፎክዌይስን የስሚዝሶኒያን ተቋም በ1987 ሲረከብ፣ ከ2,000 በላይ ከሆኑት አልበሞች አንዱም ከገበያ እንዳይወጣ ቃል ገብቶ ነበርና። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አልበሙ በ1958 በሸክላ ሲወጣ «በጊታር የታጀቡ የሕዝብ ዘፈኖችና ቅንብሮች» የሚል ትርጉም ያለው ደረቅ ርእስ ነበረው። በ1989 በሲዲ ሲታተም ግን ከዘፈኖቹ በታወቀው፣ «የጭነት ባቡር» ብለን ልንተረጉመው በምንችለው «ፍሬይት ትሬይን» ተሰየመ፤ መደብር ውስጥ የሚገኘውም በዚህ ስም ነው። አሥራ አራት ትራኮች አሉት። የቀዳው ማይክ ሲገር የተባለ ወጣት የሙዚቃ ሰው ሲሆን፣ የተቀዳውም በስቱዲዮ ሳይሆን በ1957 እና በ1958 ዋሽንግተን ውስጥ በራሳቸው በኤልዛቤት ኮተን ቤት ነው። በዚያን ጊዜ እሳቸው ስድሳ አምስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ኑሯቸውን ሰው ቤት ተቀጥረው የሚገፉ ሴት ነበሩ። የአሜሪካው ቤተ መጻሕፍት ላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ይህን ቅጂ በ2007 በብሔራዊ የድምፅ ቅርስ መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል።

የአልበሙ ዋና ቁም ነገር እጃቸው ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጊታር በተለመደው አያያዝ ሲመታ ወፋፍራሞቹ ሦስት ክሮች ወደ ተጫዋቹ አገጭ፣ ቀጫጭኖቹ ወደ ጉልበቱ ይሆናሉ፤ የቀኝ እጅ አውራ ጣት በወፋፍራሞቹ ላይ እየተመላለሰ ቤዙን፣ ማለትም ዝቅተኛውን አጃቢ ድምፅ፣ ሲይዝ፣ ሌሎቹ ጣቶች በቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን ይለቅማሉ። ኤልዛቤት ኮተን ግን በልጅነታቸው መጀመሪያ የወንድማቸውን ባንጆ፣ ኋላም ለቀኝ እጅ የተወጠረውን ጊታር፣ ክሮቹን ሳይቀይሩ ገልብጠው ስለያዙት ሥርዓቱ ሁሉ ተገላበጠ፦ ወፋፍራሞቹ ክሮች ወደ ታች ወረዱ፣ ቤዙ ለአመልካች ጣት፣ ዜማው ደግሞ ለአውራ ጣት ደረሰ። ዛሬ ጊታረኞች «ኮተን ፒኪንግ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ውጤቱ በጆሮ ይለያል። ከጣቶች ሁሉ ጉልበተኛው ዜማውን ስለያዘ እያንዳንዱ ኖታ ሞልቶና ረግቶ ይወጣል፤ ቤዙ ደግሞ በአንዲት ጣት ስለሚመታ ቀለል ብሎ፣ ሳይጫን ከሥር ይመላለሳል። አልበሙን የሚከፍተውን «ዊልሰን ራግ» የተባለውን፣ ዘፈን የሌለበትን የጊታር ቁራጭ ያለ ማብራሪያ ያሰማሁት አንድ ወዳጄ ሁለት ጊታር መስሎት ነበር።

ሁለተኛው ትራክ «ፍሬይት ትሬይን» ነው። ይህን ዘፈን ኤልዛቤት ኮተን የደረሱት በአሥራ አንድ ወይም በአሥራ ሁለት ዓመታቸው፣ በ1893 በተወለዱበት በሰሜን ካሮላይና፣ በቤታቸው አጠገብ ያልፍ የነበረውን ባቡር እየሰሙ ነው። በግጥሙ ውስጥ የምትናገረዋ ሰው በየትኛው ባቡር እንደሄደች ለማንም እንዳይነገርባት ትለምናለች፤ ስትሞትም ቼስትነት ከሚባለው ጎዳና ግርጌ እንድትቀበርና ቁጥር 9 ባቡር ሲያልፍ እንድትሰማ ትጠይቃለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የመቃብሯን ቦታ ስትመርጥ ማሰብ ያስደነግጣል፤ ዜማው ግን አያለቅስም። በሲ ሜጀር ከሲ ወደ ጂ ሲመላለስ የቆየው ጉዞ በሦስተኛው መስመር ላይ ሳይታሰብ ወደ ኢ ኮርድ (ኮርድ አብረው የሚመቱ ኖታዎች ስብስብ ነው) ይወጣና ከዚያ ወደ ኤፍ ተሸጋግሮ ይመለሳል። በዚያች አንዲት ኮርድ ላይ ዘፈኑ ትንፋሹን የሰበሰበ ይመስላል። ልጄም እስካሁን የምትሰናከለው እዚያው ላይ ነው።

ድምፃቸውን በተመለከተ ገዢው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል፤ ታላቅ ድምፃዊት አልነበሩም። ድምፃቸው አነስተኛ ነው፤ አንዳንዴም ከኖታው ዝቅ ይላል፤ ጓዳ ውስጥ ሥራ እየሠራ ለራሱ የሚያዜም ሰው ድምፅ ነው። ጊታሩ ያንኑ ዜማ ከሥር ስለሚጫወት ግን ድምፁ ሲዝል ክሩ ይቀበለዋል። ጉልበት ያለው፣ የሚጮኽ ብሉዝ ለምዶ የመጣ አድማጭ በመጀመሪያው ቀን ሊሰለቸው ይችላል።

ታሪካቸው ደጋግሞ የተነገረ ቢሆንም፣ ጥቂቱን ሳያውቁ አልበሙን መስማት ያጎድላል። ትምህርት ቤት በገቡበት ቀን መምህሩ ስማቸውን ሲጠይቃቸው፣ ቤት ውስጥ «ቤብ» ከመባል በቀር ሌላ መጠሪያ ስላልነበራቸው፣ ኤልዛቤት የሚለውን ስም እዚያው ለራሳቸው አወጡ። ገና በልጅነታቸው በወር 75 ሳንቲም እየተከፈላቸው ሰው ቤት ገቡ፤ ስቴላ የተባለውን የመጀመሪያ ጊታራቸውንም በ3 ዶላር ከ75 ሳንቲም ገዙ፤ በዚያ ሒሳብ የአምስት ወር ደመወዝ መሆኑ ነው። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ገደማ አገቡ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ይህን ዓለማዊ ዘፈን ተዪ አለቻቸውና ጊታራቸውን አስቀመጡ። ይህ ክፍል ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ መዝሙርና ዘፈን ተለያይተው የሚኖሩበት ቤት ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የተቀመጠው ጊታር ለአሥርተ ዓመታት ሳይነሣ ቆየ።

በ1940ዎቹ መጨረሻ ዋሽንግተን ውስጥ ላንስበርግ በተባለው ትልቅ መደብር ሲሠሩ፣ አንዲት የጠፋች ትንሽ ልጅ አግኝተው ለእናቷ መለሱ። ልጅቷ የማይክ ሲገር እኅት ፔጊ ሲገር፣ እናቷም የሙዚቃ ደራሲዋ ሩት ክሮፎርድ ሲገር ነበሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ኤልዛቤት ኮተን ቼቪ ቼዝ በሚገኘው በሲገር ቤተሰብ ቤት ምግብ አብሳይና የቤት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። ቼቪ ቼዝ ከእኛ ሰፈር ኩታ ገጠም ነው። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ጊታር አውርደው ሲጫወቱ ልጆቹ የሰሟቸው እዚያ ነው። «ሊባ» የሚለው ስምም ከዚያ ቤት ልጆች የመጣ ነው። ስሙ በፍቅር እንደወጣ አልጠራጠርም፤ እኛ ቤት ቢሆኑ ኖሮ ግን የቤቱ ልጆች «እማማ ኤልሳቤጥ» ይሏቸው ነበር ብዬ ሳላስብ አላልፍም።

በዚህ ታሪክ ላይ የማልስማማበት አነጋገሩ ነው። ስለ እሳቸው የሚጻፈው አብዛኛው ነገር «ተገኙ» የሚለው ግስ ላይ ያርፋል፤ የጠፋችው ግን ልጅቷ ነበረች። አልበሙን በጥሞና የሰማ ሰው የሚያገኘው፣ ሌሎች ያገኟቸውን አንዲት የዋህ ሠራተኛ ሳይሆን፣ ኮርድ ሲመርጡ ለምን እንደመረጡ የሚያውቁ ደራሲን ነው። አሥራ ሁለተኛው ትራክ «ኦ ቤብ፣ ኢት ኤይንት ኖ ላይ» ማስረጃዬ ነው፦ አንዲት ጎረቤት በሐሰት ለእናታቸው ከስሳቸው በመቀጣታቸው የተነሣ በልጅነታቸው ያወጡት ዘፈን ሲሆን፣ ቂሙን ሁሉ ይዞ እንደ እሹሩሩ ለስላሳ ነው።

ደራሲነታቸውን የዘነጋው ግን አነጋገር ብቻ አልነበረም። ፔጊ ሲገር «ፍሬይት ትሬይን»ን ወደ እንግሊዝ ይዛው ከሄደች በኋላ ሁለት እንግሊዛውያን የቅጂ መብቱን በራሳቸው ስም አስመዘገቡ፤ በ1957 ቻስ ማክዴቪትና ናንሲ ዊስኪ ስኪፍል በተባለው፣ በዘመኑ እንግሊዝ ውስጥ ተወዳጅ በነበረው ቀላል የሕዝብ ሙዚቃ ስልት ተጫውተውት በእንግሊዝ ከአምስቱ ምርጦች ውስጥ ሲገባ የኤልዛቤት ኮተን ስም አልነበረበትም። ዘፈኑ አትላንቲክን ተሻግሮ ዝና ሲያገኝ ደራሲዋ ሰው ቤት ሰሐን ያጥቡ ነበር። ከሙግት በኋላ የደራሲነት ድርሻቸው ታወቀላቸው።

ወደ አልበሙ ጉድለቶች ልመለስ። በመካከል ያሉት ሁለቱ የባንጆ ትራኮች አጫጭር ቁርጥራጮች የተቀጣጠሉባቸው ስለሆኑ አንዱን መልመድ ስንጀምር ሌላው ይመጣል፤ ለተመራማሪ ይጠቅማሉ፣ ለአድማጭ ግን ብዙም። የቴፑ ሹሽታም በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ጎልቶ ይወጣል። «ግራጁዌሽን ማርች» ደስ የሚል ቢሆንም ሁለተኛ እንድሰማው የሚጠራኝ ነገር የለውም።

በአንጻሩ «ቫስታፖል» ብቻውን የሲዲውን ዋጋ ያወጣል። ክሮቹ በዲ ሜጀር ተቃኝተው፣ ጊታሩ በባዶው ሲመታ እንኳ ሙሉ ኮርድ የሚሰጥበት ቁራጭ ነው። መነሻው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሄንሪ ዎራል የተባለ የጊታር መምህር በክራይሚያ ጦርነት ስለነበረው የሴባስቶፖል ከበባ የጻፈው የሳሎን ሙዚቃ ሲሆን፣ ከኖታ ወረቀት ወጥቶ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁር ጊታረኞች እጅ ከገባ በኋላ ስሙ እየተሸራረፈ «ቫስታፖል» ሆነ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አሠርተው መቅደላ ያስጎተቱት መድፍ ስም ከዚያው ከበባ የመጣ መሆኑን ሳስታውስ ፈገግ አልሁ፤ አንዲት የወደብ ከተማ እኛ ዘንድ መድፍ፣ እነሱ ዘንድ የጊታር ቅኝት ሆነች። «ስፓኒሽ ፍላንግ ዳንግ»ም የዚያው መምህር የፋንዳንጎ (የስፔን ጭፈራ) ቁራጭ ርቃ የመጣች ዘመድ ናት።

ከኋለኞቹ ሥራዎቻቸው ጋር ሲነጻጸርስ? በ1960 ስዋርትሞር ኮሌጅ ከማይክ ሲገር ጋር የመጀመሪያ ኮንሰርታቸውን አቀረቡ፤ በ1964 ኒውፖርት ፎክ ፌስቲቫል ላይ ተጫወቱ። በ1967 የወጣው «ሼክ ሹገሪ» በዘፈን ድርሰት ከመጀመሪያው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ያላትን ዕቃ ሁሉ በመያዣ አስይዛ ስለጨረሰች ሰው የሚያወራውን የርእሱን ዘፈን የምታዜመው የልጅ ልጃቸው ልጅ ብሬንዳ ኤቫንስ ስትሆን፣ ግጥሙንም ልጆቹ አብረው አውጥተውታል። በ1979 የወጣው ሦስተኛው ለወዳጅ ብቻ ነው። አርሁሊ የተባለው አሳታሚ ያወጣው የመድረክ ቅጂ ግን በ1985 ዘጠና ካለፋቸው በኋላ የግራሚ ሽልማት ያስገኘላቸው ሲሆን፣ በዘፈኖቹ መካከል የሚያወሩትን ለመስማት ሲባል ብቻ ሊገዛ ይገባል። ከጉዞና ከዘፈኖቻቸው ባገኙት ገቢ በ1978 ኒው ዮርክ ግዛት ሰራኪውስ ውስጥ ቤት ገዝተው፣ በ1987 እዚያው አረፉ። የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ የገቡት በ2022 ነው።

አንድ አልበም ብቻ ለሚገዛ ሰው ይህን የ1958ቱን እመክራለሁ፤ በተለይም ጊታር ለሚማር። በቀኝ እጅ የሚጫወት ሰው መገልበጥ አያስፈልገውም፤ ዜማውን ከቤዙ ለይቶ ማድመጥ ይበቃዋል፤ «ፍሬይት ትሬይን» ለጀማሪዎች የመጀመሪያ ትምህርት ሆኖ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ግራኝ ልጅ ያለው ወላጅ ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ የኮተን አያያዝ የኮርዶቹን ቅርጽ ጭምር ስለሚገለብጥ በመጽሐፍ ያሉት የኮርድ ሥዕሎች እንዳሉ አይሠሩም። እኛ ለቀኝ የተወጠረ ያገለገለ ጊታር በ80 ዶላር ገዝተን ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ገልብጠን በወረቀት ሣልናቸው። ሦስት ሳምንት ሆነ። የልጄ አመልካች ጣት ጫፍ ቆዳው ተልጦ ጠንክሯል፤ ኢ ኮርድ ላይ ስትደርስ አሁንም ቆም ትላለች፤ አያቷም ከሶፋው ሆነው «ቀጥዪ እንጂ» ይሏታል።