ሙልቫድ ወይስ ፕሮቶን? ቪፒኤን ለመግዛት ላሰባችሁ

ቪፒኤን ከስልካችሁ የሚወጣውን መረጃ ሌላ ሰው እንዳያነበው መስጥሮ በራሱ ሰርቨር (ኮምፒውተር) በኩል ያሳልፈዋል። የኢንተርኔት አቅራቢያችሁም ሆነ የምትጠቀሙበት ዋይፋይ ባለቤት የትኛውን ድረ ገጽ እንደምትከፍቱ ማየት አይችሉም፤ ድረ ገጹም የሚያየው የእናንተን ሳይሆን የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) ነው። ነገር ግን አቅራቢው ያይ የነበረውን አሁን የቪፒኤኑ ድርጅት ማየት ይችላል። ስለዚህ እኔ ከፍጥነቱም ከአገሮቹ ብዛትም በፊት የምጠይቀው ድርጅቱ ስለ እኔ ምን እንደሚያውቅ ነው።

በዚህ መለኪያ የስዊድኑን ሙልቫድ የሚደርስበት የለም ባይ ነኝ። ስምም ኢሜይልም አይጠይቅም፤ ባለ 16 አሃዝ የአካውንት ቁጥር ይሰጣችኋል፣ በቃ። ከፈለጋችሁ ክፍያውን በፖስታ በጥሬ ገንዘብ መላክ ትችላላችሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. የስዊድን ፖሊስ የፍተሻ ማዘዣ ይዞ ቢሮው ድረስ ሄዶ ነበር፤ የተከማቸ የደንበኞች መረጃ ስላልነበረ ባዶ እጁን ተመለሰ። ማስታወቂያ ላይ «መዝገብ አንይዝም» ማለት ቀላል ነው፤ እንዲህ ተፈትኖ ማለፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ወርሃዊ ተመኑ ለአንድ ወርም ለአንድ ዓመትም ለሚከፍል ያው ነው። ነፃ አማራጭ የለውም፤ በአንድ አካውንት 5 መሣሪያ ብቻ ያስተናግዳል።

የስዊዘርላንዱ ፕሮቶን ግን ገንዘብ ለሌለው ሰው በሩን ክፍት አድርጓል። ነፃው አገልግሎት የዳታ ገደብ የለውም፤ የሚሠራው በአንድ መሣሪያ ብቻ ሲሆን አገር መምረጥም አይፈቅድም። የሚከፍል ሰው እስከ 10 መሣሪያ ያገናኛል፤ ለቤተሰብ ይሄኛው ይሻላል። ሁለቱም ዋየርጋርድ በሚባለው የቪፒኤን ማገናኛ ዘዴ ይሠራሉ፣ የመተግበሪያዎቻቸው ኮድም ለሁሉም ክፍት ነው።

ሌሎች ነፃ ቪፒኤኖችን ከመጫናችሁ በፊት ነፃ የቪፒኤን መተግበሪያ የነበረውን ኦናቮን አስታውሱ። ፌስቡክ በ2013 እ.ኤ.አ. ገዝቶት፣ ሰዎች የትኛውን መተግበሪያ ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ይከታተልበት ነበር። መረጃዬ ይጠበቅልኛል ብሎ የጫነው ሰው ራሱ ነበር የሚታየው። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የትኛውንም ብትገዙ ጉግል ወይም ፌስቡክ ላይ በአካውንታችሁ ከገባችሁ ማንነታችሁን ያውቃሉ። የይለፍ ቃላችሁን በአስመሳይ ገጽ ላይ ከጻፋችሁም ቪፒኤኑ አያድናችሁም።

ማንነቱ እንዳይታወቅ አጥብቆ ለሚፈልግ ሙልቫድን እመርጣለሁ። ለሚያመነታ ደግሞ የፕሮቶንን ነፃ አገልግሎት ለአንድ ወር ይሞክር እላለሁ፤ ከመጀመሩ በፊት ግን ግንኙነቱ ሲቋረጥ ኢንተርኔቱን የሚዘጋውን ኪል ስዊች ያብራ።