«43 አምፔር ትችላለች» የተባለችውን ቦርድ ዊልቸር ላይ እንዳትገጥሙ

ከውጭ በእርዳታ የመጣ የኤሌክትሪክ ዊልቸር ኖሯችሁ ድራይቨሩ (ሞተሮቹን የሚቆጣጠረው ቦርድ) የተቃጠለባችሁ ሰዎች፣ እኔ ተሸውጃለሁ፤ እናንተ አትሸወዱ።

የእህቴ ዊልቸር ባለ 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ሞተር አለው። አዲስ ድራይቨር ዋጋው አልቀመስ ሲለኝ ራሴ ልሥራው ብዬ መርካቶ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ቢቲኤስ 7960 የተባለው ቺፕ ያለባትን ትንሽ ቦርድ አወጣልኝ። «43 አምፔር ትችላለች። የሞተሩን ፍሬን ደግሞ ፍታው፣ ባትሪ ነው የሚጨርስብህ» አለኝ። ሁለት ገዛሁ፤ 4,000 ብር። ፍሬኑንም ፈታሁ።

ጎማውን ከመሬት አንስቼ ስሞክረው ኮሽ ሳይል ዞረ። እህቴ ልቀመጥበት ስትል «ቆይ መጀመሪያ እኔ» አልኳት። ደግ አደረግኩ። በራችን ላይ ያለችውን አጭር ዳገት ስጋመስ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ጆይስቲኩን ለቀቅኩ። ግራው ጎማ ቆመ፤ ቀኙ ግን በሙሉ ኃይሉ መሽከርከሩን ቀጠለ፣ አዙሮም ከአጥሩ ጋር አላተመኝ። እንደምንም የባትሪውን ሶኬት ስነቅል ደግሞ ቁልቁል ወደኋላ መንሸራተት ጀመርኩ። ክርኔ ተልጧል።

በኋላ የቺፑን ዳታሺት (አምራቹ የሚያወጣውን የመረጃ ሰነድ) ሳነብ ነው የገባኝ። 43 አምፔር ቺፑ ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው አይደለም፤ ራሱን ለማዳን ኃይሉን መገደብ የሚጀምርበት ጣሪያ ነው። በዚያች ሚጢጢ ሂትሲንክ (ሙቀት ማስወጫ ብረት) ሳይግል የሚችለው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የሞተሬ የሽቦ ጥቅል ኤሌክትሪክን የሚቋቋመው (ሬዚስታንሱ) 0.4 ኦም ገደማ ነው። 24 ለ0.4 ሲካፈል 60 አምፔር! ጎማው ዳገት ላይ ቢታነቅ የሚስበው ይህንን ነው። ቮልቴጁም ጥብብ ያለ ነው። ቺፑ እስከ 28 ቮልት ገደማ ነው የሚሠራው። ባትሪው ሞልቶ ቁልቁለት ስትወርዱ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ኤሌክትሪክ ስለሚመልስ እዚያ መድረስ ቀላል ነው።

ሱቁ ተመልሼ ብሄድ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ደረሰኙ ላይም አለ፣ ሳላነበው ኪሴ የከተትኩት እኔ ነኝ።

የግድ ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሻጩን «ያለማቋረጥ ስንት አምፔር?» በሉት። ከተንተባተበ ውጡ። ለየሞተሩ ፊውዝ፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ደግሞ ባትሪውን የሚቆርጥ ማጥፊያ አድርጉ፤ ሞስፌት (ቺፑ ውስጥ ኃይሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ክፍል) ሲቃጠል ብዙ ጊዜ እንደበራ ማብሪያ ሆኖ ነው የሚቀረው። ፍሬኑን በፍጹም አትንኩ። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይለቃል፣ ሲቋረጥ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል።

የተረፈችው ቦርድ የልጄን መጫወቻ መኪና እየነዳች ነው። ለሱ አታንስም።