የአርቴሚያ መርዛማነት መፈተሻ ኪት፦ በኮምቦልቻ ላቦራቶሪ የአንድ ዓመት አጠቃቀም

ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተሰባሰቡባት ከተማ ናት፤ ከተማይቱን የሚያቋርጡት ወንዞች ወደ ቦርከና ይገባሉ፣ ቦርከናም ወደ አዋሽ ይዘልቃል። በዚያ ውኃ ከብት ይጠጣል፣ ማሳ ይለማል። የፍሳሽ ናሙና ሲመጣልን ለዓመታት የምንለካው ፒኤቹን (የአሲድነቱን መጠን)፣ የኦክስጅን ፍላጎቱንና ክሮሚየም የተባለውን ብረት መጠን ነበር፤ እነዚህ ቁጥሮች ግን በውኃው ውስጥ ምን እንዳለ እንጂ ሕይወት ያለው ፍጡር ቢገባበት ምን እንደሚደርስበት አይናገሩም። ባለፈው ዓመት ይህን ኪት፣ ማለትም የአርቴሚያ እጮችን ተጠቅሞ መርዛማነትን የሚፈትሸውን የተሟላ የዕቃ ስብስብ፣ የገዛነው ጎዶሎውን ለመሙላት ነው።

አርቴሚያ በጨዋማ ሐይቆች የሚኖር ደቃቅ የሽሪምፕ ዘመድ ሲሆን ደረቅ እንቁላሉ ለዓመታት ተቀምጦ የጨው ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ዓመቱን ሙሉ እርባታ መጠበቅ ለማይችል እንደኛ ላለ አነስተኛ ላቦራቶሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የተፈለፈሉትን እጮች በሚፈተሸው ፈሳሽ ውስጥ አስገብቶ የሞቱትን የመቁጠሩ ዘዴ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የተክል ጭማቂዎችን ለመፈተሽ የታተመው አሠራር ዛሬም በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይሠራበታል። ችግሩ ሁሉም በየራሱ መንገድ መሥራቱ ነው፦ የጨው ውኃው በየቤቱ ይበጠበጣል፣ የእጩ ዕድሜም ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ዕድሜው ትንሽ ነገር እንዳይመስል። ገና የተፈለፈለ እጭ አፉ ስላልተከፈተ የሚኖረው በአስኳሉ ነው፤ ቆዳውን ከቀየረ በኋላ ግን አፉና አንጀቱ ይከፈቱና በውኃው ውስጥ ያለውን መዋጥ ይጀምራል። ስለዚህ ያው አንድ ፍሳሽ ለመጀመሪያው ደረጃ እጭ ጉዳት የሌለው፣ ለሁለተኛው ገዳይ ሆኖ ሊታይ ይችላል። በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት፣ ልዩ ልዩ ላቦራቶሪዎች አንድን አሠራር ተከትለው ውጤታቸውን ያነጻጸሩበት ሥራ የተነሣውም ይህን ዝብርቅ ለማጥራት ነበር።

የኪቱ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ምንጩ የታወቀ እንቁላል፣ የተመጠነ ጨው፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ሰሌዳና ማጣቀሻ መርዝ (የእጮቹ ምላሽ ትክክል መሆኑ የሚረጋገጥበት) የሆነው ፖታሲየም ዳይክሮሜት አብረው ይመጣሉ። እንቁላሉ በ25 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ በብርሃን ሥር ለ30 ሰዓት ያህል ይቀመጣል፤ ከዚያም የናሙናው 5 የክምችት ደረጃዎችና አንድ መርዝ የሌለበት ማመሳከሪያ ተዘጋጅተው በእያንዳንዳቸው 30 እጮች በ3 ጉድጓዶች ተከፍለው ይገባሉ። ከ24 ሰዓት በኋላ የሞቱት ይቆጠሩና ግማሾቹን የሚገድለው ክምችት ይሰላል። በማመሳከሪያው ከ10 በመቶ በላይ ከሞቱ ፈተናው ይሰረዛል፤ ይህ ደንብ ሠራተኛን ከራሱ ግምት የሚጠብቅ ስለሆነ ከሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ።

በመጀመሪያው ሙከራችን ከማመሳከሪያው 30 እጮች 7ቱ ሞቱ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ኢንኩቤተሩ (ሙቀቱን የሚጠብቀው ሣጥን) ቀዝቅዞ ስለነበር መመሪያው እንደሚያዝዘው ውጤቱን ጥለን እንደገና ጀመርን፤ ባትሪ ከገጠምን ወዲህ ማመሳከሪያው በደንቡ ውስጥ ቆይቷል። ከኮምቦልቻ ይልቅ ብርድ በሚበረታባት ደሴ የሚሠሩ ባልደረቦች ያለ ኢንኩቤተርና ያለ መጠባበቂያ ኃይል ባይሞክሩት እመክራለሁ።

የማልሸሽገው ጉድለት ግን አለ። አርቴሚያ የጨው ውኃ ፍጡር ሲሆን ቦርከና ጨው አልባ ወንዝ ነው፤ ናሙናው ላይ ጨው ሲጨመር እንደ ካድሚየም ያሉ ብረቶች ከክሎራይድ ጋር ስለሚጣመሩ መርዛማነታቸው ሊቀንስ ይችላል። አርቴሚያ ራሱም ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ከሚኖረው ደቃቅ ፍጡር ከዳፍኒያ ይልቅ ብዙ መርዞችን የሚቋቋም ነው። ስለዚህ እጮቹ በሕይወት መቆየታቸው ውኃው ለወንዙ ፍጥረታት ደኅና ነው ለማለት አይበቃም፤ ከሞቱ ግን ፍሳሹ ሳይታከም መለቀቅ እንደሌለበት በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። እኛ አጠራጣሪ ናሙናዎችን ለመለየት እንጠቀምበታለን፤ ለወንዙ የመጨረሻ ፍርድ የሚሰጠው በዳፍኒያ የሚደረገው ፈተና እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ስለ አቅራቢው አገልግሎት ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁለተኛው ጭነት የመጣው የእንቁላሉ የአገልግሎት ጊዜ ሊያልፍ 2 ወር ሲቀረው ነበር። የሚያዝዝ ሰው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የማብቂያ ቀኑንና የምርት ቁጥሩን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ አዲስ የምርት ቁጥር ያለው እንቁላል በደረሰው ቁጥርም የወንዝ ናሙና ከመንካቱ አስቀድሞ በፖታሲየም ዳይክሮሜት ይፈትነው።