ጣና ዳር ለማረፍ፦ ባሕር ዳር ይሻላል ወይስ ጎርጎራ?

ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ተነስታችሁ ጣና ዳር ጥቂት ቀን ለማረፍ፣ በዚያውም ጎንደርን ለማየት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ መቁረጥ ያለባችሁ ማደሪያችሁን ነው። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ዳር፣ ጎርጎራ በሰሜን ዳር ናቸው። በካርታ ላይ ፊት ለፊት ስለሚታዩ ልዩነቱ ቀላል ይመስላል። መንገዱ ግን ሐይቁን ይዞራል፤ ከባሕር ዳር በወረታና በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር አጠገብ እስካለችው አዘዞ ይወጣል፣ ከዚያ በቆላ ድባ በኩል ወደ ውሃው ይመለሳል።

ከደብረ ማርቆስ የሚነሳ ሰው ባሕር ዳር ለመድረስ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከባሕር ዳር ጎንደር ሌላ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ «ጎርጎራ አድረን ጎንደርን እናያለን» ይላሉ፤ ከዚያ በየቀኑ 120 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ይሆንባቸዋል። የፋሲል ግቢ፣ የፋሲል መዋኛና ደብረ ብርሃን ሥላሴ በአንድ ጠዋት ተጣድፈው የሚታዩ አይደሉም። ለጎንደር አንድ ሌሊት እዚያው ጎንደር እደሩ፤ ጎርጎራን ለሐይቁ ብቻ ያዙት።

ለእኔ ምርጫውን የሚወስነው ጀልባው ነው። ከባሕር ዳር ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ነው። በቡና ጫካው ውስጥ በእግር ወጥታችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን ታያላችሁ፤ የመቅደሱን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የሸፈነው ሥዕል ብቻ መንገዱን ያስረሳል። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን ለማየት ወደ ደቅ ደሴት መሻገር ሙሉ ቀን ይጠይቃል። ከቤተሰባችሁ ሴቶች ካሉ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ የደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። እናቴን ይዤ የሄድኩ ጊዜ ባለጀልባው ይህን ሳይነግረን ክብራን አደረሰን፤ እሷ ነጠላዋን ተከናንባ ጀልባው ውስጥ ቀረች፣ እኛ ገባን። እስካሁን ይቆጨኛል። እናታችሁንም እህታችሁንም ይዛችሁ ከሆነ ዘጌን ወይም እንጦስ ኢየሱስን ምረጡ። ዋጋ ስትነጋገሩ ክፍያው በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ መጠበቂያውስ ተካቷል ወይ ብላችሁ ቁረጡ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ስለሚነሳና ማዕበል ስለሚመጣ በማለዳ ውጡ።

ጎርጎራ ላይ የሚታየው ያንሳል፣ የሚታረፈው ግን ይበልጣል። ጥንታዊውን የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንና ሥዕሎቹን በእግር ደርሳችሁ ታያላችሁ። የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽ የሆነው ማርያም ግምብም በዚያው ወገን ነው፤ አብዛኛው ቢፈርስም ለታሪክ ወዳድ ይበቃል። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠራው ኤኮ ሪዞርት ከመጣ ወዲህ የሚመች ማደሪያ አለ። ድምፅ የለም፣ ወፍና ውሃ ብቻ። ሪዞርቱ በዋጋው ከበዳችሁ ግን ሌላ አማራጭ እንደ ባሕር ዳር አይትረፈረፍም።

ባሕር ዳር ለሁሉም ኪስ ማደሪያ አለ፤ ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በየዳርቻው አሳ ቤት። አረጋዊ ወይም ሕፃን ይዞ ለሚመጣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጢስ ዓባይም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ግማሽ ቀን ይበቃዋል፤ ግን በመስከረምና በጥቅምት ሂዱ፣ በበጋ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ ፏፏቴው ይሳሳል።

በሁለቱም ዳር ሐይቁ ውስጥ ለመዋኘት አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ አለ። ከክረምት መውጫ በኋላ የወባ ትንኝ ስለሚበዛ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያጠቃው በተለይ የሰሜንና የሰሜን ምሥራቁን ዳር ስለሆነ፣ ጎርጎራ ክፍል ከመያዛችሁ በፊት የጀልባ ማቆሚያው ክፍት መሆኑን ደውላችሁ ጠይቁ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዚያው ቀን አጣሩ።

ሁለት ሌሊት ብቻ ካላችሁ ያለ ጥርጥር ባሕር ዳር እደሩ፣ ጎንደርን ለሌላ ጊዜ ተዉት። አምስት ሌሊት ካገኛችሁ ሁለቱን ባሕር ዳር፣ አንዱን ጎንደር፣ የቀረውን ጎርጎራ አድርጉት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ እንፍራንዝ ላይ ወረድ ብላችሁ የጉዛራን ግንብ እዩ። ጉዟችሁ በጥር መጨረሻ ከሆነ ደግሞ ጥር 23 እንጅባራ ላይ እንድትደርሱ አድርጋችሁ ተነሱ፤ የአገው ፈረሰኞች በዓል መንገዳችሁ ላይ ነው።