"የሙሉ ቀን ፋሚሊ ፓስ" ሊሸጡላችሁ ነው? ቆይ፣ መጀመሪያ ይቺን አንብቡ

ወገን ይሄን የምጽፈው ገና ከቤት ገብቼ ቦርሳዬን ሳላወርድ ነው፣ ስለዚ ፊደል ብስት እለፉኝ። መሀል አዲስ አበባ ያለ የልጆች መጫወቻ ፓርክ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ ሰሞኑን በየቴሌግራም ቻናሉ "የጥምቀት ስፔሻል የሙሉ ቀን ፋሚሊ ፓስ" እያለ የሚለጠፈውን ያየ ሰው ያውቀዋል። ሻጮቹንም ታውቋቸዋላችሁ። ባዶ ግቢ ፎቶ፣ ፊኛ የያዙ ህጻናት፣ "የቀረው ጥቂት ነው ፍጠኑ"፣ ዋጋ ስትሉ "ኢንቦክስ"፣ ኢንቦክስ ስትገቡ "ሰላም ውዴ"፣ ከዛ የቴሌብር ቁጥር። ብሩ እስኪገባ ውዴ ናችሁ፣ ከገባ በኋላ መልእክታችሁን አይተው ጭጭ።

3,800 ብር ነው የከፈልኩት፣ ለሁለት ትልቅ ሰው ለሁለት ልጅ፣ "ሁሉም ጨዋታ ያለገደብ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12"። አስረግጬ ጠይቄያለሁ፣ ስክሪንሾቱ ስልኬ ላይ አለ፣ ሻጯን "በዓል ሰሞን ሰው አይበዛም ወይ" ስላት "አይ ውዴ ለቤተሰብ ብቻ ነው የያዝነው፣ ዘና ብላችሁ ነው የምትጫወቱት" ነው ያለችኝ። ለቤተሰብ ብቻ!

ልጆቹ አንድነት ፓርክንም ወዳጅነት ፓርክንም አይተው ጨርሰዋል፣ እኛ ልጅ እያለን ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ከወሰዱን ለሳምንት የምናወራው ነበር፣ የዛሬ ልጅ ግን አንበሳ አይበቃውም፣ የሚሽከረከር የሚጋጭ ነገር ነው የሚፈልገው። እና ትናንት ሚካኤልን ከጃንሜዳ ሸኝተን እግራችን ገና ሳያርፍ ዛሬ ቅዳሜ በጠዋት ተነስተን ሄድን፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆችና የባለቤቴ እናት። እማማ "ማዘር በነጻ ይገባሉ" ተብለው ነበር፣ በር ላይ "ማነው ያለው?" ተባልንና 300 ብር ከፈልን፣ ደረሰኝ የለም። ቦርሳ ተበረበረ፣ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው ተባለ፣ እማማ ለበዓል የጋገሩት ድፎና የልጆቹ የእንቁላል ሳንዱች ጥበቃው ጋ ቀረ። እሺ ይሄ የትም አለ፣ ለዚህ ብዬ አልጽፍም ነበር።

እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ እውነት ለመናገር ደስ ይል ነበር። ትንሹ ባቡሯ ላይ ወጥቶ አልወርድም ብሎ ነበር። ከዛ በር ላይ ኮስተሮች ተደርድረው ቆሙ። አንድ አይነት ብርቱካናማ ኮፍያ ያደረጉ ቱሪስቶች ይወርዳሉ ይወርዳሉ አያልቁም፣ ከፊት ባንዲራ የያዘ፣ ከኋላ ሜጋፎን የያዘ፣ መሀል ላይ ደሞ ከበሮ! እዚሁ የገዙት ከበሮ መሰለኝ፣ በጥምቀት ጃንሜዳ አይተው አምሯቸው ይሆናል። መዝፈን፣ ማጨብጨብ፣ ፉጨት፣ በየጨዋታው ፊት ክብ ሰርቶ መጨፈር፣ በቃ የቡናና የጊዮርጊስ ጨዋታ ቀን ስታዲየም ካታንጋ መሀል እንደመቀመጥ ነው። ትንሹ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ እግሬ ስር ተወሸቀ።

ልብ በሉ፣ የተናደድኩት በእንግዶቹ አይደለም። ለእረፍት የመጣ ሰው ይጮሃል ይስቃል፣ ምን ይሁን። የባለቤቴ እህት ፍሎሪዳ ኦርላንዶ ነው የምትኖረው፣ እዛ ዲዝኒ ፓርክ እንዲህ አይነት ግሩፕ የተለመደ ነው ትላለች። የብራዚል ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በፈረንጅ ጁላይና ጃንዋሪ ላይ፣ ወጣቶቹ አንድ አይነት ቲሸርት ለብሰው፣ ባንዲራ የያዘውን ተከትለው፣ እየዘፈኑ ነው የሚገቡት። የአገሩ ሰው ያውቃል፣ ጫጫታ የማይወድ ሌላ ጊዜ ይሄዳል፣ አለቀ። እኛም ጋ ጥር ምን አይነት ወር እንደሆነ የማያውቅ የለም፣ ጥምቀት በ2012 ዩኔስኮ ላይ ከተመዘገበ ወዲህ ደሞ ስሙ በደንብ ወጥቷል። ግሩፕ ደሞ ድንገት አይመጣም፣ ቀድሞ ቦታ ይዞ ሰዓት ቆርጦ ነው የሚመጣው። ፓርኩ ያውቃል፣ አስጎብኚው ያውቃል፣ ሹፌሩ ያውቃል፣ ያልተነገረን "ለቤተሰብ ብቻ" ተብለን የከፈልነው ሰዎች ብቻ ነን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እጃችን ላይ ያሰሩልን ወረቀት ግሪን ነው፣ የነሱ ጎልድ። ጠዋት የትኬቷን ልጅ ቀለሙ ምንድነው ስላት "አይ ለማማር ነው" ብላኛለች።

የሚጋጩት መኪናዎች ጋ ነው። ትልቋ ልጄ ከሰኞ ጀምሮ የምታወራው ስለሱ ብቻ ነው። ጸሀይ አናት ላይ ናት፣ ግሩፑ ዙር በዙር ሲገባ እኛ ዳር ይዘን ቆመናል፣ በመጨረሻ አንድ ዙር ላይ ከፊታችን ማንም የለም፣ ተረኛ እኛ ነን። መኪኖቹ ቆሙ፣ ሰራተኛው ሰንሰለቱን ፈታ፣ ልጄ አንድ እግሯን ብረቱ ወለል ላይ አሳርፋ ቀዩን መኪና በጣቷ እያሳየችኝ "ማሚ እሱን፣ እሱን" እያለች ነው። በዚች ቅጽበት ሜጋፎኑ ጮኸ። ሰራተኛው ዞር ብሎ አየ፣ ከዛ ምንም ሳይል መዳፉን ልጄ ደረት ላይ አድርጎ ወደኋላ መለሳትና ሰንሰለቱን ቀጭ አርጎ ዘጋው። "ግሪን ቆይ። ጎልድ ይግባ።" በሌላ በኩል ከፈተላቸውና እየጨፈሩ ገቡ።

ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብላ እጇ ላይ ያለውን ወረቀት አየችው፣ ከዛ የነሱን እጅ አየች፣ ከዛ እኔን።

ይሄኔ ከግሩፑ አንዲት ጸጉሯ የሸበተ ሴትዮ፣ ቀዩ መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶ ልታስር ስትል ልጄን አየቻት። ወረደች። ሰንሰለቱ ድረስ መጥታ በእጇ ነይ ነይ አለቻት፣ መኪናውን አሳየቻት፣ በኔ ፈንታ ግቢ ማለቷ ነው፣ ቋንቋ አያስፈልገውም። ልጄም ፊቷ በራ። ሰራተኛው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጥርሱን ብልጭ አድርጎ "ኖ ኖ ማዳም፣ ፕሊስ፣ ዩ ፈርስት" ብሎ ክንዷን ይዞ መልሶ አስቀመጣት። ወደኛ ሲዞር ያ ሁሉ ፈገግታ የት እንደገባ እንጃ፣ "እናንተ ደሞ ራቅ በሉ፣ እንግዳ አታስቸግሩ።" እንግዳ አታስቸግሩ! ልጅቷ እኮ ቃል አልተነፈሰችም፣ ያስቸገረ ሰው ካለ ያቺ ደግ ሴትዮ ናት።

ሱፐርቫይዘር ጥሩልኝ አልኩ። መጣ፣ ሬዲዮ ወገቡ ላይ፣ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ። "ምንድነው ችግሩ እህት?" ነገርኩት። "እናንተ እዚሁ ናችሁ፣ ነገም ከነገ ወዲያም ትመጣላችሁ። እነሱ ከስንት አገር መጥተው ይሰለፉ?" ፓሱ እኮ የሚሰራው ዛሬ ብቻ ነው አልኩት። "እሱን ከሸጠልሽ ሰው ጋር ተነጋገሪ።" የሸጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ እኮ! "ቴሌግራሙ ማርኬቲንግ ነው፣ እኔ ኦፕሬሽን ነኝ።" እሺ ብሬን መልሱልኝና ልውጣ። ሳቀ። በሚካኤል እላችኋለሁ ሳቀ። "እስቲ ደረሰኝሽን አምጪው።"

አመጣሁት። ለካ ደረሰኙ ላይ ያለው "መግቢያ፣ 600 ብር" ብቻ ነው። የቀረው 3,200 የትም የለም። እሱም በጣቱ እያሳየኝ "መግቢያ ከፈልሽ፣ ገባሽ። ጨዋታው ስጦታ ነው፣ ለስጦታ ደሞ ተመላሽ የሚባል የለም።" ስጦታ! በቴሌብር የከፈልኩት ስጦታ! ባለቤቴ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ 813/2006፣ ሸማች በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት አለው ይላል ብሎ ሊያስረዳው ሞከረ፣ "አዋጁን ይዛችሁ አራት ኪሎ ሂዱ፣ ታክሲ አለ" አለው። ድምጼን ከፍ ሳደርግ ደሞ "ምን ያስጮህሻል፣ ልጆቹን ታስደነግጫለሽ" ብሎ ጀርባውን ሰጠኝና ሬዲዮውን አንስቶ እዛው ፊቴ "ጥበቃ፣ መኪናዎቹ ጋ አንዷ ግሪን እያስቸገረች ነው" አለ። አንዷ ግሪን። ስም የለኝም፣ እናት አይደለሁም፣ ከፋይ አይደለሁም፣ ግሪን ነኝ።

እማማ ምስኪን "ተይው ልጄ፣ እንግዳ ክቡር ነው" አሉኝ። እሺ ብለን ካፌው ገባን፣ እሳቸው ገና አረፍ ከማለታቸው "ማዘር ይነሱ፣ ሪዘርቭድ ነው" ተባሉ፣ ሁሉም ጠረጴዛ ሪዘርቭድ ነው፣ ሁሉም ባዶ ነው። ነጠላቸውን አጣጥፈው የአበባው መትከያ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ቺፕስ በሉ። ድፏችን ጥበቃው ጋ ነው።

ከዛ ደሞ ፎቶው። ቁጭ ባልንበት መጥተው ልጆቼን፣ እማማን፣ ነጠላቸውን፣ ቺፕሱን ሳይቀር ያነሳሉ። እባካችሁ ተዉ ስል አስጎብኚያቸው ሮጦ መጣ፣ ሀበሻ ልጅ ነው፣ ጨዋ፣ ፊቱ ቀልቷል። "እህቴ ይቅርታ፣ ፕሮግራሙ ላይ ስላለ ፈቃደኛ ናችሁ ብለን ነው" አለኝ። የምን ፕሮግራም? ስልኩን አሳየኝ። ሐሙስ የጥምቀት በዓል፣ አርብ ብሔራዊ ሙዚየምና ሥላሴ ካቴድራል፣ ቅዳሜ "ከአዲስ አበባ ቤተሰቦች ጋር በፓርክ መዋል"። ቤተሰቦቹን ማነው የሚያመጣው አልኩት። "ፓርኩ ነው የሚያቀርበው፣ ተጋብዛችሁ የመጣችሁ ነው የተባልነው።"

ገባችሁ? ለኛ ፓሱን ሸጡልን፣ ለነሱ ደሞ እኛን ሸጡን። በራሴ ብር ገብቼ ልጆቼን ለትርኢት አቅርቤያለሁ፣ ስለዚህ ነው እኮ "ለቤተሰብ ብቻ" የነበረው። እሷ ውዴ ያለችኝ ቤተሰብ ስለጎደላት ነው። መኪናው ላይ ማን ይውጣ ማን አይውጣ ግዳቸው አይደለም፣ እኛ ግቢው ውስጥ እስከታየን ድረስ ስራችንን ጨርሰናል።

ፈረንጅ በየሙዚየሙ ከኛ በላይ ይከፍላል፣ ይክፈል፣ ማንም አልተቃወመም። ግን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሂዱና እዩ፣ የመንግስት ትምህርት ቤት ተማሪና ከአውሮፓ የመጣ ግሩፕ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ነው ድንቅነሽን የሚያየው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሞላት አሮጊት ግሪንና ጎልድ ሳትለይ ታስተናግዳለች፣ ትናንት የተከፈተ ፓርክ ነው እንዴ የሚለይብን?

9 ሰዓት ላይ ግሩፑ ሲወጣ "አሁን መጫወት ትችላላችሁ" ተባልን። መኪናዎቹ ጋ ስንደርስ ሰራተኛው ምሳ ወጥቷል። ትንሹ ተኝቶብኝ ነበር፣ ወጣን። ድፎው ደሞ ጥበቃው "ፈረቃ ተቀይሯል፣ እኔ አላየሁም" አለን። በቃ ሳቅን፣ ምን እናድርግ።

ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት "በዛ ቀን የቱሪስት ግሩፕ አለ ወይ" ብላችሁ በጽሁፍ አስመልሷቸው፣ በር ላይ ደሞ የከፈላችሁት ሙሉው ብርና "ሁሉም ጨዋታ" የሚለው ደረሰኙ ላይ ካልሰፈረ እዛው ቆማችሁ አስተካክሉ እስኪባል አትግቡ። የእጃችሁንም ቀለም ጠይቁ። እኔ ሰኞ ስክሪንሾቴንና ደረሰኙን ይዤ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ፣ ዛሬ ግሪን አስረው የዋሉ ሌሎች ቤተሰቦች ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አብረን እንሂድ።

ቅድም ፓሱን የሸጠችልኝን ልጅ "ውዴ" ብዬ ስጽፍላት ብሎክ አድርጋኛለች። በባለቤቴ ስልክ ቻናሉ ላይ ገባሁ። አዲስ ፖስተር ለጥፈዋል፣ የካቲት ላይ የአፍሪካ ህብረት ጉባኤ ሰሞን ፋሚሊ ፓስ በግማሽ ዋጋ፣ ልጆቻቸውን የሀገር ባህል ልብስ አልብሰው ለሚመጡ ደሞ ተጨማሪ ቅናሽ አለው።