በኤሌክትሪክ መኪና ለመስቀል ጉራጌ ድረስ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

መኪናውን ከገዛሁ ወዲህ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ለከተማስ ይሁን፣ ለመስቀል ሀገር ቤት ያደርስሃል ወይ?» ያደርሳል። ክረምቱን ሙሉ አዲስ አበባ ውስጥ ነዳሁት፣ በመስቀል ሰሞን ቤተሰብ ጭኜ እስከ ጉራጌ ደጋ፣ ጉመር ድረስ ወጣሁበት፣ በጥቢውም መንገዱን ደጋግሜዋለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ስለተከለከለ፣ አዲስ መኪና የሚያስበው ብዙ ሰው የሚያማርጠው ከኤሌክትሪኮቹ ነው። ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የእኔው የቻይና ሥሪት ነው፤ ባትሪው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል። ስለ ከተማው ብዙ አልልም። ማታ ግቢ ውስጥ ሰክቼው አድራለሁ፣ ጠዋት ሞልቶ ይጠብቀኛል። የነዳጅ ሰልፍ የለ፣ የሞተር ዘይት የለ፣ ፍሪሲዮን የለ። በዚህ በኩል ደስተኛ ነኝ።

ቁም ነገሩ ከሰበታ ወዲያ ነው። ከአዲስ አበባ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ ድረስ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሻጮች «በአንድ ቻርጅ 400 ይሄዳል» ይላሉ። ቁጥሩ የተገኘው በቻይናው መለኪያ ሲሆን እሱ ደግሞ ለዝግታ አነዳድ ያደላል። በ80 ፍጥነት ለሚሄድ ሰው 300 ብሎ ማሰብ ይሻላል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ፣ ወልቂጤ ደግሞ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆኑ ስትሄዱ መሬቱ ራሱ ያግዛችኋል፤ እኔ ከግማሽ በላይ ቻርጅ ተርፎኝ ነው የምደርሰው። ስትመለሱ ግን ያው መንገድ ዳገት ነው።

ከወልቂጤ በጉብሬና በእምድብር በኩል ወደ ጉመር ደጋ ስትወጡ ኪሎ ሜትር መቁጠር ተዉና ዳገቱን ቁጠሩ። ከነተሳፋሪው 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ብክነቱ ሲታከልበት ወደ 6 ይጠጋል። በእኔ ባትሪ ይህ ከመቶ 12 እጅ ነው፣ ርቀቱ ራሱ የሚበላው ገና ሳይቆጠር። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የቀሪ ኪሎ ሜትር ግምት ያለፈውን ሜዳ እንጂ የሚመጣውን አቀበት አያውቅም። እኔ የማየው ፐርሰንቱን ብቻ ነው።

አወጣጡን ግን ልመስክርለት። አምስት ሰው፣ ቅቤና ሻንጣ ጭኖ ማርሽ ሳይቀይር፣ ሳያጓራ ይወጣል። መስኮት ከፍታችሁ የምትሰሙት የጎማውን ድምፅና የልጆቹን «መስቀል! መስቀል!» ነው። በመስከረም አጋማሽ ያ ሀገር ሲታይ ልብ ይሞላል፤ እንሰቱ ታጥቦ ያበራል፣ ዳርና ዳሩ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል፣ ከከፍታው ላይ ጉሙ ገና አልተነሣም። ጀፎሮው፣ ማለትም በመንደሩ መሐል የሚያልፈው ሰፊ የሣር መንገድ ላይ፣ ሣሩ ርጥብ ስለሆነ ጎማ ያንሸራትታል፤ ቀስ ብላችሁ ግቡ።

ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ከሁሉ የወደድኩለትን ጠባይ አየሁ። እግሬን ከፔዳሉ ሳነሣ ሞተሩ መኪናውን ይዞ ያወርደዋል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ረጅሙን ቁልቁለት ጨርሼ ስወርድ ፐርሰንቱ ከመቀነስ ይልቅ ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ፤ የፍሬን ሸራ ሽታም የለም። አንድ ነገር ግን አትርሱ። ባትሪው ጢም ካለ የሚመጣውን ኃይል መቀበያ ቦታ ስለሌለው መኪናው እንደዚያ አይዝላችሁም። ከደጋ የምትነሡ ከሆነ ቻርጁ ከመቶ 85 ላይ ሲደርስ ንቀሉት።

ያስቸገረኝ ቻርጅ ማድረጉ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ፈጣን ጣቢያ ከፍቷል፤ እዚህ መንገድ ላይ ግን የምተማመነው በግድግዳ ሶኬት ነው። 10 አምፒር በ220 ቮልት ሲባል በአሥር ሰዓት ውስጥ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢገኝ ነው፣ ማለትም ከመቶ 40 እጅ፤ መብራት ካልሄደ። ከሶኬቱም በላይ ወሳኙ ኧርዝ፣ ማለትም ከመሬት ጋር የሚያገናኘው የጥንቃቄ ሽቦ ነው። ብዙ ቤት ኧርዝ ስላልተዘረጋ ቻርጀሩ ቀይ አብርቶ ዝም ይላል። አንድ ሆቴል ውስጥ በቀጭን ኤክስቴንሽን ሰክቼው ሳለ ጥበቃው ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ ገመዱ ግሏል፣ ይንቀሉት» አለኝ። በእጄ ብዳስሰው የሶኬቱ ፕላስቲክ እጅ ያቃጥላል፣ ጠርዙም መለስለስ ጀምሯል። አምፒሩን ወደ 8 ዝቅ አድርጌ፣ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክቼ አደርኩ። አሁን የራሴን ወፍራም ገመድ ይዤ ነው የምንቀሳቀስ። በመስቀል ማታ ሰው ሁሉ ሀገር ቤት ስለሚገባ የመብራቱ ኃይልም ይወርዳል፤ የምትፈልጉትን ቻርጅ ከበዓሉ በፊት ያዙ።

ሌላው ቅሬታዬ ስኮርታ ጎማ አብሮ አለመምጣቱ ነው። የሚሰጧችሁ ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ነው፤ ጎማ በጎኑ ከተቀደደ ይህ ምንም አያደርግም። ባትሪው ወለሉ ስር ስለተዘረጋ ኮረኮንች ላይ ድንጋይ ሲነካው ልብ ይደነግጣል፤ ጉዳት እስካሁን የለም። የስክሪኑ ማስጠንቀቂያ በቻይንኛ መሆኑንም አልወደድኩትም፤ አስመጪው ወደ እንግሊዝኛ የለወጠው ግማሹን ብቻ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ማስጠንቀቂያዎቹን አንድ በአንድ አስነብቡ።

ታዲያ ይገዛ? ግቢ ያለው፣ ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ አንድ ሌሊት የማደር ጊዜ ያለው ሰው ይግዛ። በአንድ ቀን ደርሶ ለሚመለስና ፎቅ ላይ ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ግን ዛሬ አልመክርም። በዚያ መስመር ሆቴል ያላችሁ ደግሞ አደራ፤ መኪና ማቆሚያው ላይ ኧርዝ ያለው፣ በወፍራም ሽቦ የተዘረጋ አንድ ሶኬት ብቻ አስገቡልን። ሒሳቡን በደስታ እንከፍላለን፤ እኔ እንዲያውም ማደሪያዬን የምመርጠው በእሱ ነው።